ጆተኒ፦ ሜዳ ላልደረሰ ሰው የተሠራ ኳስ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ደሞዝ ወይም ስለ ኮንትራት አይደለም። ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስላችሁ ግን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እኔን ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ታናሽ ወንድሜ ከደሴ ደወለና «እትዬ፣ ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ልክፈት፤ ሁለት ማሽን ላኪልኝ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ለምን ብትሉ፣ ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል የወደቀው በጨዋታ ነው። ያኔ ጆተኒ ነበር የሚጫወተው። ከቤታችን ወረድ ብሎ አንድ ጆተኒ ቤት አለ። ቤት ልበለው እንጂ ከላይ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ነው። እናቴ ለዳቦ የሰጠችው ብር እዚያ ያልቃል። እሱን ፍለጋ የምላከው ደግሞ እኔ ነኝ። ሴት ልጅ ጆተኒ ቤት አትገባም፤ ስለዚህ በር ላይ ቆሜ ስሙን እጠራለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፣ እሱ «መጣሁ፣ ይቺን ጎል ብቻ» ይላል። በር ላይ የቆምኩበት ሰዓት ቢደመር አንድ ክፍል ያስጨርሰኝ ነበር።

አንድ ቀን ብቻ፣ ጠዋት ማንም ሳይኖር ባለቤቱ ሲጠርግ ደረስኩና አንዱን ብረት ይዤ አዞርኩት። የእንጨቱ ሰውዬ ተገለበጠ። ባለቤቱ «ልጄ፣ ይሄ የወንድ ነው» አለኝ። አልተቆጣኝም፣ እንደ ምክር ነው የነገረኝ። እኔም እውነት መስሎኝ ለቀቅኩት።

እና ወንድሜ ሲጠይቀኝ እምቢ አልኩ። ኋላ ግን ራሴን ጠየቅኩ። ይሄን ጨዋታ ማን አመጣው? ለማን ብሎ ሠራው? እውነት ልጅ ማበላሻ ነው ወይስ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው? የላብ ገንዘቤን ከመላኬ ወይም ከመከልከሌ በፊት ልወቅ ብዬ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። የከበደኝን የእንግሊዝኛ ቃል የማሠሪዬን ትልቁን ልጅ እጠይቃለሁ። እኔ አሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ቢሆንም የገባኝን ላካፍላችሁ።

ጆተኒ ለማታውቁ፣ እግር ያለው ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ከዳር ዳር 8 ብረቶች ይሻገሩበታል፣ አራቱ የአንዱ ቡድን፣ አራቱ የሌላው። በብረቶቹ ላይ ትናንሽ ሰዎች ተተክለዋል፤ በአንድ ወገን 11፣ በጠቅላላው 22። ብረቱን እየገፋህና እየሳብክ፣ በእጅ አንጓ እየመታህ ትንሿን ኳስ ጎል ታስገባለህ። በዓለም ውድድር ላይ ብረቱን ዝም ብሎ ማሽከርከር ክልክል ነው። እኛ ሰፈር ግን ከማሽከርከር ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ለመሥራት ድሮም የሞከሩ ነበሩ። በወረቀት ስሙ በደንብ የተመዘገበው ግን ሀሮልድ ሰርልስ ቶርንተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ለፈጠራ መብት አመለከተ፣ በ1923 ተቀባይነት አገኘ። ሐሳቡን ያገኘው የክብሪት ቀፎ ላይ የክብሪት እንጨቶችን አጋድሞ ሲያይ ነው ይባላል። የፈለገው ሜዳ መሄድ ሳያስፈልግ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ገበታ ላይ ኳስ እንዲጫወት ነው።

ይቺን 1921 ያዙልኝ፤ ሌላ ነገርም ተደርጎባታል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ የእንግሊዝ ሴቶች የጥይት ፋብሪካ ገቡ። በዕረፍት ሰዓታቸው ኳስ ይጫወቱ ጀመር። ፕሬስተን በምትባል ከተማ ያሉት የዲክ ኬር ፋብሪካ ሴቶች ቡድናቸው በጣም ገነነ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1920 ሊቨርፑል ውስጥ ጉዲሰን ፓርክ ሲጫወቱ 53 ሺህ ያህል ሰው ገብቶ አያቸው። ከጨዋታ የሚያገኙትን ገንዘብ ለቁስለኛ ወታደሮችና ለችግረኛ ይሰጡ ነበር። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ኳስ ለሴት የሚስማማ አይደለም ብሎ ሴቶች በአባል ክለቦች ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ክልከላው ለ50 ዓመት ገደማ ቆየ። እንግዲህ እዩት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ አገር ውስጥ፣ ኳስ ገበታ ላይ ወጣች፣ ሴት ደግሞ ከሜዳ ወጣች። እነዚያ ሴቶች ሠራተኞች ነበሩ፣ እንደኛ። ይሄን ሳነብ የዚያ የጆተኒ ቤት ባለቤት ንግግር ትዝ አለኝ። «የወንድ ነው» የሚለው ነገር ከደሴ የተነሣ እንዳልሆነ ገባኝ።

ሁለተኛው ታሪክ የስፔን ነው፤ እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ። አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬ የሚባል ልጅ ነበር፣ ኋላ ገጣሚና አሳታሚ የሆነ። እ.ኤ.አ. በ1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ማድሪድ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቤት ተደርምሶበት ቆሰለ። ገና 17 ዓመቱ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንደሱ የቆሰሉ፣ እግራቸው የተጎዳ ልጆች አየ። ኳስ ይወዳሉ፣ ግን መሮጥ አይችሉም። የጠረጴዛ ቴኒስ ካለ የጠረጴዛ እግር ኳስ ለምን አይኖርም ብሎ አሰበና እዚያው ያገኘውን አናጢ አሠራው። በ1937 ባርሴሎና ላይ አስመዘገብኩት፣ ኋላ ግን በእግሬ ተራራ አቋርጬ ወደ ፈረንሳይ ስሰደድ ወረቀቱ በዝናብ ተበላሸብኝ ብሎ ራሱ ይናገር ነበር። ያረፈው በ2007 ነው። በመንገድ ላይ ወረቀት የጠፋበት ስደተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ጣልያኖች ጨዋታውን «ካልቾ ባሊላ» ይሉታል። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በየቡና ቤታቸው ገባ፤ ጋርላንዶ የሚባለው እውቁ ፋብሪካቸው ከ1954 ጀምሮ ይሠራዋል። ማሽኑ የሚከፈተው በሳንቲም ወይም ሳንቲም በምትመስል ብረት ነው። ይቺ ብረት በጣልያንኛ «ጄቶኔ» ትባላለች፣ ስትበዛ «ጄቶኒ»። እኛ አገር ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን፣ ከረምቡላ የምንለው ሁሉ የጣልያን ቃል ነው። «ጆተኒ» የማን ዘመድ እንደሆነች እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። እኛ ሰፈር ግን የጣልያን ማሽን አልነበረም። ሳጥኑን አናጢ፣ ብረቱን ብየዳ ቤት ሠራው። ክፍያው ለባለቤቱ በእጅ ነው፣ ከፋዩም የተሸነፈው ነው።

ጆተኒ ለመጫወት ብር የሌለውስ? ወንድሜ ብር ሲያልቅበት ቤት ውስጥ ቆርኪ ይደረድር ነበር። የፔፕሲ ቆርኪ አንዱ ቡድን፣ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ሌላው፣ ኳሷ የተጠቀለለ ወረቀት። እኔ ይሄ የድሃ ልጅ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዓለም ሁሉ ተጫውቶታል። ብራዚሎች በኮት ቁልፍ ይጫወቱ ነበር፤ ጄራልዶ ዴኩር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1930 ሕግ ጽፎለታል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ፒተር አዶልፍ በ1947 «ሰቡቲዮ» የሚባለውን በጣት የሚመታ የገበታ ኳስ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ከካርቶን ተቆርጠው ቁልፍ ላይ የቆሙ ናቸው። ሜዳውን እንኳ አብሮ አይሸጥም ነበር። አሮጌ የወታደር ብርድ ልብስ ፈልጉና በጠመኔ መስመር አስምሩበት ነው የሚለው። ጦርነት ያለፈበት አገር ልጆች እንዲህ ነው የተጫወቱት።

አሁን ወደዚህ አገር ልምጣ። እኔ የምሠራው ሻርጃ ነው። ዓርብ ዓርብ ቤተሰቡ ዱባይ ሚርዲፍ ወደ አያትየው ቤት ለምሳ ይሄዳል። እኔም ለእቃ አጠባና ለልጆቹ አብሬ እሄዳለሁ። እዚያ የልጆች ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ጆተኒ ቆሟል። መጀመሪያ ሳየው በድንጋጤ እጄ ላይ ያለውን ትሪ ልለቀው ነበር። እነሱ ሊባኖሶች ስለሆኑ «ቤቢ ፉት» ይሉታል፤ ከፈረንሳይ የተወሰደ ስም ነው።

የዚህን አገር በጋ ታውቁታላችሁ። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ውጭ ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው። ልጅ ሜዳ ላይ ኳስ ሊጫወት አይችልም። ስለዚህ ኳስ ቤት ገባች። አንድ ዓርብ ትንሹ ልጅ የአጎቶቹ ልጆች አልመጡለትም፣ ብቻውን ሁለቱንም ወገን ሲጫወት ቆየና «ተዓሊ» ብሎ ጠራኝ። ማዳምን አየኋት። በአገጯ ሂጂ አለችኝ። እጄን በልብሴ አድርቄ ብረቱን ያዝኩ። በ25 ዓመቴ መሆኑ ነው። እንደ ሰፈራችን ልጆች አሽከረከርኩት፣ ልጁ ጮኸብኝ፤ ማሽከርከር የለም። 10 ለ 0 ተሸነፍኩ። ከሦስት ወር በኋላ ግን 10 ለ 7 አሸነፍኩት፣ አለቀሰ። እኔም ተደብቄ ኩሽና ውስጥ ሳቅኩ።

የኤሌክትሮኒክሱን ታሪክ የነገረኝ ደግሞ የቤቱ አባት ነው። አንድ ማታ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት «እኔ በልጅነቴ ሳክር ነበረኝ» አለ። ሳክር በ1980ዎቹ ከኩዌት የመጣ፣ በአረብኛ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ለዚያ ዓይነት ኮምፒውተር የጃፓኑ ኮናሚ በ1985 የኳስ ጨዋታ አውጥቶ ነበር። ከዚያም በፊት አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1972 «ፖንግ»ን አወጣ፤ ሁለት መስመርና አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይኸው አታሪ በፔሌ ስም የኳስ ጨዋታ ሸጠ። በአንድ ቡድን ከበረኛው ሌላ ሦስት ተጫዋች ነው ያለው።

ፊፋ የሚባለው ጨዋታ የወጣው በ1993 መጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ የአገሮቹ ስም እውነተኛ ነው፣ የተጫዋቾቹ ስም ግን የፈጠራ ነበር። ፕሌይስቴሽን በ1994 መጨረሻ ጃፓን ላይ ተሸጠ፣ ኮናሚም በ1995 «ዊኒንግ ኢለቨን»ን ጀመረ። በፊፋ 12 የቱኒዚያው ኢሳም አልሸዋሊ በአረብኛ ማስተላለፍ ጀመረ። እኔ ይሄን የማደንቅበት ምክንያት አለኝ። አረብኛ ከተማርኩባቸው ቦታዎች አንዱ ልብስ ስተኩስ ከቴሌቪዥኑ የሚመጣው የጨዋታ ማስተላለፍ ነው። «ሃዳፍ» ጎል፣ «ሃሪስ» በረኛ፣ «የሚን» ቀኝ፣ «የሳር» ግራ። ቃሉ በቀን መቶ ጊዜ ስለሚደጋገም ሳትፈልጊ ትይዢዋለሽ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አየሁ። እዚህ አገር ማሽኑ በየልጁ መኝታ ክፍል ነው ያለው። ሦስት ልጆች ሦስት ክፍል ውስጥ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው፣ እራት ሲጠሩ አይሰሙም። እኛ አገር አንድ ማሽን ለአንድ ልጅ መግዛት አይታሰብም፣ ስለዚህ ማሽኑ ሰፈር ውስጥ ተቀመጠ። አንዱ ሲጫወት አሥሩ ቆሞ ያያል፣ ይተርባል፣ ተራ ይጠብቃል። እንደ ጆተኒው ማለት ነው። ይሄ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ከትምህርት ሰዓት የሚሸሽ ልጅ መሸሸጊያ ያገኛል፣ ብር ማስያዝ ይጀመራል፣ ጫትና ሲጋራ ጎን ለጎን ይገባል። ከትምህርት ቤት አጠገብ ያሉ ጫት ቤቶች ሲታሸጉ ፕሌይስቴሽን ቤቶችም አብረው የሚታሸጉት ለዚህ ነው። ወንድሜን የጣለው የእንጨቱ ሰውዬ አይደለም። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ጠዋት በ3 ሰዓት ሲመጣ «ሂድ ተማር» የሚል ባለቤት ስላልነበረ ነው።

የሴቷስ ነገር? በኮምፒውተር ጨዋታውም ሴት ብዙ ጠበቀች። ፊፋ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ያስገባው በ2015 በወጣው ፊፋ 16 ነው፣ ያውም 12 ቡድን ብቻ። ድርጅቱ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ በመስከረም 2023 በአዲስ ስም ባወጣው ጨዋታ ግን ሴትና ወንድ ተጫዋች በአንድ ቡድን ማሰለፍ ተቻለ። ያ በ1921 ሴቶችን ከሜዳ ያስወጣ የእንግሊዝ ማኅበርም በ2018 ከሰቡቲዮ ጋር ሆኖ የሴቶች ቡድን አሠርቷል። እኔም አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሪሞቱን ይዤ የእኛን አገር ፈለግኩ። አላገኘሁም። በ2004 የአፍሪካ ዋንጫ 4ኛ የወጡት ሉሲዎቻችን የሉም፤ ወንዶቹም የሉም። እንግዲህ በር ላይ የቆምነው ሴቶች ብቻ አይደለንም አልኩ።

የዕረፍት ቀኔ እሑድ ነው። እሑድ አጅማን ነኢሚያ እህቶቻችን በቤድ ስፔስ ከተከራዩት ክፍል እንሰበሰባለን፣ ቡና ይፈላል። ባለፈው ዓመት የአንዷ ማዳም ለመጣል ያወጣችውን ትንሽ የልጆች ጆተኒ ይዛልን መጣች፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ዓይነት። አንድ ተጫዋች የለውም፣ በእሱ ቦታ የልብስ መቆንጠጫ አስረንበታል። አንዷ እህታችን የሚስቅ ጥርሷን እኔ ያን ቀን ነው ያየሁት። ስድስት ዓመት አብረን ቡና ጠጥተናል። «እኔ በሕይወቴ ተጫውቼ አላውቅም፣ ከብት ነበር የምጠብቀው፣ ከዚያ ወንድሞቼን፣ ከዚያ የሰው ልጅ» አለች። ጎል ስታገባ ታችኛው ፎቅ ያሉ ሰዎች ግድግዳ እስኪመቱ ጮኸች።

ለወንድሜ ደወልኩለት። ሁለት ማሽን አልልክም አልኩት። ሮላ አካባቢ ዋጋ ጠይቄ አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን በካርጎ እልካለሁ፣ በቀረው ብር እዚያው ደሴ አንድ ጆተኒ አሠራ። መብራት ሲጠፋ ፕሌይስቴሽኑ ይቆማል፣ ጆተኒው አይቆምም። ይሄን ሲሰማ «እትዬ፣ ነጋዴ ሆነሻል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የኔን ነገር ነገርኩት። ትምህርት ቤት አጠገብ አይሆንም። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከሰዓቱ በፊት አይገባም። ብር የሚያስይዝ አይገባም። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የሴቶች ነው።

አራተኛው ላይ ዝም አለ። «ማንም አይመጣም እኮ» አለኝ። «ካልመጡ ክፍት ሆኖ ባዶውን ይዋል» አልኩት።

እህቶቼ፣ ገንዘብ ላኪ ሲሉን ዝም ብለን አንላክ፣ ዝም ብለንም አንከልክል። ምን እንደሆነ እንጠይቅ፣ እንወቅ፣ ከዚያ የራሳችንን ቃል እናስገባበት። ብሩ የኛ ላብ ነው፣ ቃሉም የኛ መሆን አለበት። ይሄ ጨዋታ ሜዳ መድረስ ላልቻለ ሰው የተሠራ ነው፤ ለቁስለኛ፣ ለድሃ ልጅ፣ ሙቀት ቤት ለዘጋበት። እኛ ከዚያ ቁጥር አንወጣም።

ቤቱ ጥር ላይ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ሁለት ልጆች መጡ፣ አንዷ የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ስድስተኛ ክፍል። ወንድሜ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ሁለቱም ብረቱን እያሽከረከሩ ነው። ማሽከርከር እንደማይቻል ንገራቸው ብዬ ጻፍኩለት።